ምድር አትንቀሳቀስም ያሉት ጋሽ ስሜነህ

የጋሽ ስሜነህን ሞት የሰማሁት አየር ጤና፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ድሮ አብሮን ያስተምር የነበረ አንድ የስፖርት መምህር ከኋላዬ ጠራኝና፣ ሰላም እንኳን ሳንባባል፣ «ጋሽ ስሜነህን ሰማህ?» አለኝ። ሰው እንዲህ ብሎ የሚጠይቀው ወይ ለሹመት ነው ወይ ለሞት። ጋሽ ስሜነህን የሚሾማቸው እንደሌለ ደግሞ ሁለታችንም እናውቃለን።

«መቼ?» አልኩት።

«ዛሬ ጠዋት። ደም ግፊት ነው አሉ። ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት ቀራንዮ መድኃኔዓለም ነው።»

ስልኩን አወጣና የድሮ ተማሪዎቻችን የሚጻጻፉበትን ግሩፕ አሳየኝ። የጋሽ ስሜነህ ፎቶ ተለጥፏል፤ ከሥሩ የሚያለቅስ ፊት፣ ሻማና የተሰበረ ልብ ተደርድሯል። «የማይተካው መምህራችን» ብሎ የጻፈውን ልጅ ስም አየሁት። ከጥቂት ዓመታት በፊት በእኚሁ ሰው ቪዲዮ ላይ የአህያ ድምፅ ጨምሮ ለሰው ሁሉ ያዳረሰው እሱ ነበር። ይሉኝታ የሚባል ነገር የለም ወይ ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። በዚህ ጉዳይ በማንም ላይ መፍረድ የምችል ሰው አይደለሁም።

ጋሽ ስሜነህ አጭር፣ ቀጠን ያሉ ሰው ነበሩ። ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ኮት ይለብሳሉ። የኮቱ የቀኝ ኪስ በጠመኔ ዱቄት ነጥቶ ነበር፤ ባለቤታቸው እትዬ ዲንቄ ቢያጥቡትም አይለቅም። ትውልዳቸው ጎጃም ነው። በልጅነታቸው አብነት ትምህርት ቤት ገብተው የዘመን ቆጠራ ተምረዋል። የዛሬ አሥር ዓመት ፋሲካ መቼ ይውላል ብትሏቸው በጣታቸው አንጓ ቆጥረው ሻያቸው ሳይቀዘቅዝ ይነግሯችኋል። ከዚያ ፊዚክስ ተምረው ዕድሜያቸውን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጨረሱ። ጡረታ ሲወጡ በቀራንዮና በቤቴል መካከል ያለው የእኛ የግል ትምህርት ቤት ቀጠራቸው። እኔ እዚያ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር፤ ሠላሳ ዓመትም አልሞላኝም።

እትዬ ዲንቄ የወለጋ ሰው ናቸው፤ ፕሮቴስታንት ናቸው። እሑድ ጠዋት ባልና ሚስት አብረው ከቤት ይወጡና አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ይለያያሉ፤ እሳቸው ወደ መድኃኔዓለም፣ እትዬ ዲንቄ ወደ ቸርች። ሲመለሱ ቀድሞ የደረሰ እዚያው መንገድ ዳር ቆሞ ሌላውን ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ የሚጠብቁት ጋሽ ስሜነህ ነበሩ። «የእነሱ ሰባኪ ሰዓት የለውም» ይሉኝ ነበር እየሳቁ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው።

አንድ የማይለቃቸው ጥያቄ ነበራቸው፤ «በምን አወቅህ?» ተማሪ መልስ ሲመልስ፣ ልክ ይሁን ስህተት ሳይሉት፣ መጀመሪያ ይህን ይጠይቁታል። ተማሪ ብቻም አይደለም። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አንድ ቀን «ዛሬ ይዘንባል» ሲላቸው በሩ ላይ ቆመው በምን አወቅህ አሉት። ሰውየው በጉራጌ ምድር አባቱ ደመናን እንዴት ያነብቡ እንደነበር ሩብ ሰዓት አስረዳቸው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አመለጣቸው። ዳይሬክተሩ አቶ ፍሬው ሲቆጣቸው «ይቅርታ፣ ትምህርት ላይ ነበርኩ» አሉ። ሊቀልዱ ፈልገው አልነበረም።

ከሁሉ በላይ ሰውየውን የሚያሳይልኝ ፀሐይ የተጋረደችበት ዕለት ነው። ሁላችንም ማስክ ባጠለቅንበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ እሑድ ጠዋት። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። እኔ ከእሳቸው ቤት ሁለት አጥር አልፎ ተከራይቼ እኖር ነበር። ሰፈሩ ሲንጫጫ ወጣሁ። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት ይጎትታሉ፤ አንዱ በራጅ ፊልም፣ ሌላው በጠቆረ መስታወት ወደ ላይ ያንጋጥጣል። ጋሽ ስሜነህ የእትዬ ዲንቄን የፓስታ ማጥለያ ይዘው መንገዱ መሃል ቆመዋል፤ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተዋል።

«ወደ ላይ አትዩ፣ ዓይናችሁን ነው የምታጠፉት። መሬቱን እዩ» ይላሉ።

ማጥለያውን ከፍ አድርገው ያዙት። ደመናው ገለጥ ሲል ጥላው ኮብልስቶኑ ላይ አረፈ። በየቀዳዳው ልክ አንዲት የተገመጠች ፀሐይ መሬት ላይ ወርዳ ነበር፤ መቶም ሁለት መቶም ትሆናለች። የሸሹት ልጆች ሳይቀሩ ተመለሱ።

ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አዛውንት በሽታው ሳያንስ ይህ ደግሞ የቁጣ ምልክት ነው አሉ። ጋሽ ስሜነህ አልተከራከሯቸውም።

«ሊሆን ይችላል፣ አባባ» አሉ። «እኔ የማውቀው ሰዓቱን ብቻ ነው። ዛሬ በዚህ ሰዓት እንደሚሆን ከመቶ ዓመት በፊት አስልተው የጻፉ ሰዎች ነበሩ።»

«የዛሬውን?»

«የዛሬውን።»

አዛውንቱ ጥላውን ጎንበስ ብለው አዩና «እስቲ ወዲህ በለው» ብለው ማጥለያውን ተቀበሏቸው። ፀሐይ እስክትሞላ ድረስ የያዙት እሳቸው ነበሩ።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ጋሽ ስሜነህ ዘጠነኛ ክፍልን ያዙ። መጽሐፉ ውስጥ ስለ ሰማይ ያለው ነገር ሁለት ገጽ አይሞላም፤ ፀሐይ መሃል ላይ፣ ስምንት ፕላኔቶች ዙሪያዋን፣ አለቀ። የሥራ ዕቅዱ ለዚህ የሚሰጠው ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው። እሳቸው አምስት ሳምንት ወሰዱበት።

«ይሄ እኮ መጨረሻው ነው» አሉኝ አንድ ቀን መምህራን ማረፊያ፣ መጽሐፉን በጣታቸው እየነካኩ። «ለልጅ መጨረሻውን ብቻ ነግረኸው ምን ተማረ ትላለህ? ሰው እዚህ እንዴት እንደደረሰ ካላወቀ ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ሌላ መጨረሻ ቢነግረው ያንንም ይቀበላል።»

በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹን ሜዳ አወጧቸው። አንድ ዘንግ ተከሉና ጥላውን ከጠዋት እስከ ቀትር በድንጋይ ምልክት እያስደረጉ፣ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ አሏቸው። ልጆቹ ፀሐይ ተንቀሳቀሰች ብለው ጻፉ። «ልክ ናችሁ፣ ሰው ለብዙ ሺህ ዓመት ያየው ይህንኑ ነው» አሏቸው። በሁለተኛው ሳምንት ምድርን መሃል አድርገው ሰማያትን እንደ ሽንኩርት የደራረቡትን ግሪኮች አመጡ፤ ከዚያ የእነሱን ሠንጠረዥ ይዘው በየሌሊቱ እየለኩ ስህተቱን የለቀሙትን የዓረብና የፋርስ ሊቃውንት። «እነዚህ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም» ይሉ ነበር። «ከእኔም ከእናንተም ይበልጣሉ። የተሳሳቱት ብዙ አውቀው ነው።»

ቀጥሎ ፀሐይን መሃል አድርጎ ጽሑፉን ግን እስከ እርጅናው ድረስ ይዞ የቆየው የፖላንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው መጣ። ሁለት መስታወት በቱቦ ገጥሞ በሌላ ፕላኔት ዙሪያ የሚዞሩ ጨረቃዎች አይቶ፣ በስተርጅና ከቤቱ እንዳይወጣ የተፈረደበት ጣሊያናዊ ተከተለ። ጋሽ ስሜነህ የዚህን ሰውዬ ነገር ሲያነሡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። የእኛ ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብ ብቻዋን ሙሉ ዓለም ናት ተብሎ ይታመን እንደነበር፣ ሌሎች ጋላክሲዎች መኖራቸው የታወቀው ገና የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ እንደሆነ ሲናገሩ ልጆቹ አላመኗቸውም። ቴሌስኮፕ እንዳይነኩ የተከለከሉ ሴቶች ፎቶ ላይ ያሉ ከዋክብትን በማጉያ መነጽር እየለኩ የሰማይን ርቀት መለኪያ እንዳገኙ ሲነግሯቸው ሴቶቹ ተማሪዎች ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

በመጨረሻው ሳምንት ወደ ዛሬ ደረሱ። ከሰማዩ አብዛኛው ምን እንደሆነ ዛሬም አናውቅም፣ ስም ብቻ ነው የሰጠነው አሏቸው። አንዱ ልጅ እጁን አወጣና «ታዲያ እኛም ተሳስተን ቢሆንስ?» አለ።

«ተስፋ አደርጋለሁ» አሉት። «ካልሆነማ እናንተ ምን ትሠራላችሁ?»

እኔ ይህን ሁሉ የማውቀው ክፍል ገብቼ ስላየሁ ነው። መምህራን እርስ በርሳችን ክፍል እየገባን ምልከታ እንድናደርግ ታዘን ነበር፤ የእሳቸው ለእኔ ደረሰኝ። ከኋላ ወንበር ላይ ፎርሜን ይዤ ተቀመጥኩ። ጋሽ ስሜነህ ነጠላ አጣፍተው ሰሌዳው ፊት ቆሙ።

«ዛሬ እኔ ስሜነህ አይደለሁም፤ የጥንት ሊቅ ነኝ» አሉ። «በዘመኔ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔ የምላችሁ፣ ምድር አትንቀሳቀስም። ብትሮጥ ኖሮ ይሄንን ጠመኔ ወደ ላይ ስወረውረው እኔ አልፌው ሄጄ እሱ ከኋላዬ ይወድቅ ነበር።» ወረወሩት። እጃቸው ላይ ወደቀ። «ይኸው። በሉ አሳምኑኝ።»

ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው ሜሮን ተነሣች። «መምህር፣ ምድር በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር መጽሐፉ ላይ አለ።»

«መጽሐፉን የጻፈው በምን አወቀ?»

«ሳይንቲስቶች ነግረውት።»

«እኔም ሳይንቲስት ነኝ። ምድር አትንቀሳቀስም እያልኩሽ ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። ሜሮን ፊቷ ቀልቶ ተቀመጠች። ሌሎቹም ሞከሩ፤ ሳተላይት አለ፣ ፎቶ አለ እያሉ። የጥንቱ ሊቅ ሳተላይት የሚባል አላየሁም ይላሉ። አሥር ደቂቃ ያህል ካደረቋቸው በኋላ ሐያት የምትባል፣ በፈተና ሁሉ ከመጨረሻዎቹ የምትመደብ ልጅ፣ እጇን ሳታወጣ ተናገረች።

«ታክሲ ውስጥ ሆኜ የሆነ ነገር ወደ ላይ ብወረውር እኮ እጄ ላይ ነው የሚወድቀው። ታክሲው እየሄደም።»

ጋሽ ስሜነህ ነጠላቸውን አውልቀው አጠፉና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ከኋላ ሆኜ አይቻለሁ።

«ይቺን መልስ ለማግኘት» አሉ፣ «የሰው ልጅ ከሺህ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።»

ፎርሜ ላይ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብዬ ሞላሁ። ከዚያ የተሻለ ሣጥን ቢኖር እሱን እሞላ ነበር። የማላውቀው ነገር አንድ ልጅ በዴስኩ ሥር ስልክ ደግኖ ይቀርጽ እንደነበር ነው።

በማግሥቱ ቪዲዮው ወጣ። ሃያ ሰከንድ ነው። ነጠላ ያጣፉ ሽማግሌ መምህር «ምድር አትንቀሳቀስም» ይላሉ፤ ሴት ልጅ «መጽሐፉ ላይ አለ» ስትል «እኔም ሳይንቲስት ነኝ» ይላሉ፤ ክፍሉ ይስቃል፤ አለቀ። ታክሲው የለም፤ ሐያት የለችም። በሦስት ቀን ውስጥ አዲስ አበባ ሙሉ ያየው መሰለኝ። ዘፈን ተጨመረበት፣ የአህያ ድምፅ ተጨመረበት። የትምህርት ጥራት የት ደረሰ እያሉ የሚያለቅሱ ሰዎች እሱን ከፊት እያደረጉ ተናገሩበት። ከሰውም የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም የለየ አልጠፋም።

ነገሩ በዚህ ላይ እያለ የፈተና ወረቀት ተመለሰ። ጋሽ ስሜነህ ያወጡት ጥያቄ እንዲህ ይላል፤ ፀሐይ በምድር ዙሪያ ትዞራለች የሚልን ሰው፣ በዓይንህ ካየኸው ነገር ብቻ ተነሥተህ አሳምነው፤ ካልቻልክ ለምን እንዳልቻልክ ጻፍ። ሜሮን መጽሐፉን አንድም ሳትስት አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈች። ዜሮ ሰጧት። ከሥሩ በቀይ «ሁሉም ልክ ነው። አንቺ ግን የለሽበትም» ብለው ጽፈውበታል። ሐያት አራት መስመር ነው የጻፈችው። የታክሲው ነገር ምድር ሳይታወቀን ልትንቀሳቀስ እንደምትችል እንጂ እንደምትንቀሳቀስ አያሳይም፤ ስለዚህ አሁን ላሳምነው አልችልም፣ ሌላ ማየት ያለብኝ ነገር አለ ትላለች። አሥር ከአሥር።

የሜሮን አባት የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። ወረቀቶቹን ይዞ መጣ። ልጄ እውነቱን ጽፋ ዜሮ፣ አላውቅም ያለችው ሙሉ ነጥብ፣ እሱ ላይ ቪዲዮው አለ፣ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ አለ። አቶ ፍሬው ስብሰባ ጠራ። የስብሰባው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ ሁልጊዜ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ።

ያን ቀን ቢሮው ውስጥ አምስት ሰው ነበርን። ጋሽ ስሜነህ ኮታቸውን ቆልፈው በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀመጡ። አቶ ፍሬው ቪዲዮውን በስልኩ ከፈተ። ሁላችንም በሚገባ የምናውቀውን ሃያ ሰከንድ እንደገና አየን።

«እርስዎ ነዎት?» አለ አቶ ፍሬው።

«እኔ ነኝ። ከፊቱም ከኋላውም ተቆርጧል።»

«ምድር አትንቀሳቀስም ብለዋል ወይስ አላሉም?»

«ብያለሁ። ለምን እንዳልኩ ላስረዳ?»

የሜሮን አባት አቋረጣቸው። «ምን ማስረዳት ያስፈልገዋል? ምድር እንደምትንቀሳቀስ የማያውቅ አለ?»

ጋሽ ስሜነህ ወደ እሱ ዞሩ። ምነው ያን ጊዜ ዝም ባሉ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። «በምን አወቁ?» አሉት። በቀና ልብ ነበር የጠየቁት፤ ቢመልስላቸው ደስ ይላቸው ነበር። ሰውየው ግን የተሰደበ ያህል ተነሣ። «ይህን ነው ልጆቻችንን የሚያስተምሩት» አለ ለአቶ ፍሬው። «እኔን፣ እኔን በምን አወቅህ ይለኛል።»

ያኔ ጋሽ ስሜነህ ወደ እኔ አዩ። የልመና አስተያየት አልነበረም፤ የሚያውቁት ሰው እንዳለ ያስታወሱ ያህል ነው።

«እሱ ክፍል ውስጥ ነበር» አሉ። «እሱ ይናገር።»

አቶ ፍሬው «እውነት ነው፣ ምልከታ ላይ ነበርክ» አለኝ። «ብለዋል ወይስ አላሉም?»

ለዓመታት ራሴን ሳጽናና የኖርኩት፣ ዓረፍተ ነገሩ አፌ ላይ ነበር እያልኩ ነው። ታክሲው፣ ሐያት፣ የታጠፈው ነጠላ። አልነበረም። አፌ ላይ የነበረው የሚቀጥለው ወር ነው። የትምህርት ክፍል ኃላፊነቱ ለእኔ እንደሚሰጥ አቶ ፍሬው ነግሮኝ ነበር። ፍርሃት ብቻ ቢሆን ደግሞ ደግ ነበር። እኔ አራት ዓመት አስተምሬ አንድ ተማሪ ዓይን ውስጥ ያላየሁትን ነገር እሳቸው በአንድ ክፍለ ጊዜ ሲያወጡ ከኋላ ተቀምጬ አይቻለሁ። ይህን አይቶ ደስ የሚለው ሰው አለ፤ እኔ ለአንድ ቀን ደስ አለኝና በማግሥቱ አንገበገበኝ።

«ብለዋል» አልኩ።

ሌላ አልጨመርኩም። ማንም አልጠየቀኝም። ጋሽ ስሜነህ ትንሽ ጠበቁ፤ የምቀጥል መስሏቸው ነበር። እኔ አጎንብሼ መጻፍ ጀመርኩ። «መምህሩ የተባለውን ቃል መናገራቸው በዓይን ምስክር ተረጋግጧል» ብዬ በዚያ በሚያምር ጽሑፌ ጻፍኩ።

ከክፍል አንሥተው የመጻሕፍት መጋዘን ሠራተኛ ሊያደርጓቸው ወሰኑ። አንድ ሳምንት ሠርተው ወጡ። የምልከታ ፎርሙን ማንም አልፈለገውም፤ ዛሬም ከመዝገብ ቤቱ ፋይሎች በአንዱ ውስጥ መኖሩን አውቃለሁ። እኔ ያኔ የክፍል ኃላፊ ሆንኩ፣ አሁን ምክትል ዳይሬክተር ነኝ።

ከዚያ በኋላ ቤት ለቤት እየዞሩ ማስጠናት ጀመሩ። ቤቴል አካባቢ ጥቁር ቦርሳ ይዘው ሲያዘግሙ አያቸው ነበር። ቪዲዮው ቀድሟቸው ይደርሳል። አንዳንዱ ቤት ለሁለት ሳምንት ያስተምራሉ፣ ከዚያ የልጁ አጎት ወይ አክስት ያውቃቸውና በስልክ አይምጡ ይባላሉ። አየር ጤና ወያላዎቹ ሲያዩዋቸው «ጋሼ፣ ምድር ቆማለች፣ ቶሎ ይግቡ» ይሏቸዋል። መጀመሪያ መጀመሪያ ይስቁ ነበር። እኔ ሲመጡ ካየሁ መንገድ እሻገራለሁ፣ ወይም ስልኬን አውጥቼ የማነብ እመስላለሁ።

አንድ ጊዜ ብቻ ማምለጥ አቃተኝ። ከቤቴል ወደ አየር ጤና በሚሄድ ታክሲ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለ ገቡና አጠገቤ ያለው ቦታ ብቻ ክፍት ሆነ። ከስተዋል፤ ኮቱ ሰፍቷቸዋል። ጨበጡኝ። ስለ ቤተሰቤ ጠየቁኝ። ከዚያ፣ ትናንት የተለያየን ይመስል፣ ጠፈር ላይ ስላለው አዲሱ ቴሌስኮፕ አወሩኝ። ዓለም ገና ጨቅላ በነበረችበት ዘመን መኖር ያልነበረባቸው ትልልቅ ጋላክሲዎች እየታዩ ነው፤ ሊቃውንቱ እየተከራከሩ ነው፤ ምናልባት የምናውቀው ነገር እንደገና ሊታረም ይችላል አሉኝ። ፊታቸው በርቶ ነበር። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሰው እንዴት እንዲህ ሊደሰት ይችላል ብዬ አፈርኩ።

«ጋሼ» አልኩ። «ያን ጊዜ፣ ስብሰባው ላይ…»

አዩኝ። ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ አየሁት። ጠበቁ፤ እንደዚያን ቀን ጠበቁ። እኔ ያሰብኩት ዓረፍተ ነገር ጠፋብኝ። ሰው ይሰማል፣ ወያላው አጠገባችን ነው፣ ምን ብዬ ልጀምር እያልኩ ሳመነታ ፊታቸውን ወደ ፊት መለሱ።

«ወራጅ አለ» አሉ።

አየር ጤና ለመድረስ ሁለት ፌርማታ ይቀረን ነበር። ወርደው፣ ጥቁር ቦርሳቸውን ይዘው፣ በእግራቸው ሲሄዱ በመስኮት አየኋቸው። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

መሞታቸውን በሰማሁ በሰዓቱ አቶ ፍሬው ደወለልኝ። «ትምህርት ቤቱ መገኘት አለበት» አለኝ። «የሕይወት ታሪካቸውን አንተ ጻፍና ቀብር ላይ አንብብ። አንተ ትችልበታለህ። ያቺን ነገር ማንሣት አያስፈልግም፤ የሞተ ሰው ነው።»

ሄድኩ። ድንኳን እየተተከለ ነበር። እትዬ ዲንቄ ጥቁር ለብሰው ሳሎን ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። የመጣሁበትን ስነግራቸው ተነሥተው ጓዳ ገቡና አንድ ወፍራም የላስቲክ ፎልደር ይዘው ወጡ።

«ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ» አሉኝ።

ቤቴ ወስጄ ከፈትኩት። ከላይ ያለው ወረቀት የቃለ ጉባኤው ፎቶኮፒ ነበር። የእኔ ጽሑፍ፤ መስመሩን ያልሳተ፣ ንጹሕ። «በዓይን ምስክር ተረጋግጧል» ከሚለው ሥር ማንም አላሰመረበትም፣ ምንም አልተጻፈበትም። አነበብኩትና ከወረቀቶቹ ሁሉ ሥር አስገባሁት። ከዚያ ዲፕሎማዎቹን፣ የምስጋና ደብዳቤዎቹንና የዝውውር ወረቀቶቹን እያየሁ ጻፍኩ። የት ተወለዱ፣ የት አስተማሩ፣ ስንት ዓመት አገለገሉ። የመጨረሻው ላይ ስደርስ «በራሳቸው ፈቃድ ሥራቸውን ለቀው በግላቸው ያስተምሩ ነበር» አልኩ።

በማግሥቱ መድኃኔዓለም ግቢ ውስጥ አነበብኩት። ሰው ብዙ ነበር። አቶ ፍሬው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ሜሮን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ከጓደኞቿ ጋር ቆማ ታለቅስ ነበር። ሐያትን ፈለግኋት፤ ብትኖርም አላየኋት። ጨርሼ ወረቀቱን ሳጥፍ አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ትከሻዬን ነካ አድርገው «እንዲህ ነው ሰውን መሸኘት» አሉኝ።

ከቀብር መልስ ድንኳን ገባን። ፎልደሩን ለእትዬ ዲንቄ ልመልስ ሄድኩ። ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሳይከፍቱት እጃቸውን ጫኑበት።

«ጥሩ አነበብክ» አሉኝ።

«እግዜር ያጽናዎት» አልኳቸው።

«ስሰጥህ ከላይ ያደረግሁት አንድ ወረቀት ነበር» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «እሳቸው ናቸው ያስቀመጡት፤ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሲመጣ ትሰጪዋለሽ ብለው። አላየኸውም?»

አጠገባችን ሰው አልነበረም። የሚሰማኝ አልነበረም፣ ወያላም አልነበረም፣ አቶ ፍሬውም አልነበረም።

«አላየሁትም» አልኳቸው።

እትዬ ዲንቄ ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ንፍሮ የምታዞረውን ሴት በእጃቸው ጠሩና «ለእሱም ስጪው» አሏት። በሁለት እጄ ተቀበልኩ።